ሞኒተር አርሜ ራሱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ጋዙ አልቆ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?

ጀሞ_4ኛ_ፎቅ፦

ሰላም ናችሁ ወገን፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁና የምታውቁ ካላችሁ ገላግሉኝ። ከቤት ነው ምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሬ ማጅራቴ ድንጋይ ሲሆንብኝ ጊዜ ባለፈው 27 ኢንች ሞኒተር ገዛሁ። ሞኒተሩ አሪፍ ነው ግን የራሱ እግር ከፍ ዝቅ አይልም፣ ደሞ ጠረጴዛዬ ጠባብ ስለሆነች እግሩ ግማሹን ቦታ ወሰደብኝ። ከዛ ያው ቴሌግራም ላይ ሳገላብጥ ይሄ ጋዝ ስፕሪንግ ሚሉትን አርም፣ ያው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ታስሮ ሞኒተሩን አየር ላይ ሚይዘውን ክንድ አየሁ፣ ቪዲዮው ላይ ሰውዬው በአንድ ጣት ወደላይ ወደታች ሲያደርገው አላስቻለኝም፣ ገዛሁት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሞኒተሩን ሰቅዬ ከዓይኔ ትክክል አድርጌ ስለቀው ቀስ እያለ ቁልቁል ይወርድና ጠረጴዛው ላይ ሊያርፍ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል። ቡና ላፈላ ተነስቼ ስመለስ ኪቦርዱ ላይ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ያገኘሁትን ቡሎን በሙሉ አጥብቄያለሁ፣ አንዷንማ ከማጥበቄ ብዛት ጭንቅላቷን ልበላት ትንሽ ነው የቀረኝ። ሻጩ ጋ ስደውል "ጋዙ ቀንሶ ይሆናል አስሞላው" አለኝ፣ የት ነው ሚሞላው ስለው ስልኩን ዘጋው። ካርቶኑ ላይ ከ2 እስከ 6.5 ኪሎ ይላል። ሞኒተሩ ስንት እንደሚመዝን አላውቅም፣ 27 ኢንች ነው በቃ። ጠረጴዛዋ ቺፑድ ናት፣ ደሞ አርሙ የታሰረበት ጋ ትንሽ ስምጥ ያለች መሰለኝ፣ እሱም እያሳሰበኝ ነው። ምን ላድርግ? ልሽጠው እንዴ?

ሰነፉ_ዲዛይነር፦

እኔ ሞኒተሬን ሁለት ዓመት ሙሉ የተሸከሙልኝ የ11ኛ ክፍል መማሪያ መጻሕፍቶቼ ናቸው፣ ፊዚክሱ ከታች ባዮሎጂው ከላይ። አንድ ቀን ሰምጠው አያውቁም፣ ጋዝም አይፈልጉም። ትምህርት ይጠቅማል ያሉን ለካ እውነታቸውን ነው 😂

ካቻቪቴ፦

ጋዙን አስሞላ ያለህ ሰውዬ ወይ አያውቅም ወይ ሊገላገልህ ነው። ይሄ እንደ ቡታጋዝ ምትሞላው ነገር አይደለም ወንድሜ። ውስጡ ናይትሮጅን በከፍተኛ ግፊት ታምቆ፣ ትንሽ ዘይት ተጨምሮበት ከፋብሪካ ታሽጎ የሚወጣ ቱቦ ነው፣ ካለቀ አለቀ፣ ይቀየራል እንጂ አይሞላም። ደሞ አደራህን ብየዳ ቤት ወስደህ ማንም እንዳይበሳልህ፣ ያንን ነገር በትራፓኖ የነካ ሰው ዘይቱንም የብረት ፍንጣሪውንም ፊቱ ላይ ነው ሚያገኘው።

የቪትዝ የኋላ በር አይተህ የለ፣ ስትከፍተው ራሱ ወደላይ ሄዶ የሚቆመው? እሱን የሚይዙት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ያንተ አርም ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዘር ናቸው። እነሱ ሲደክሙ ነው ሰዉ በሩን በዱላ ደግፎ እቃ ሚያወርደው። እና አዎ ጋዝ ሊያልቅ ይችላል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ሚያልቀው ከዓመታት በኋላ ነው፣ ሲያልቅም ብዙ ጊዜ ዘንጉ አካባቢ ዘይት ወጥቶ አቧራ የያዘ እርጥበት ታያለህ። ያንተ አዲስ ነው፣ ዘይትም ካላየህ ጋዙን ለጊዜው ተወው።

የኔ ጥያቄ፣ የትኞቹን ቡሎኖች ነው ያጠበቅከው? አርሙ ላይ ሁለት ዓይነት ቡሎን አለ። አንዱ ዓይነት መገጣጠሚያዎቹን ምን ያህል ጠንከር ብለው እንዲዞሩ ሚያደርገው ነው፣ እሱን ብታጠብቀው እንቅስቃሴው ይከብዳል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ሌላዋ አንድ ብቻ ናት፣ ጉልበቱን ምትወስነው፣ ያቺን ካላገኘሃት ሌላውን ሁሉ ብታጠብቅ ከንቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ክንዶች ወደላይ ወደታች ሚለው ክንድ ላይ፣ ክርኑ አጠገብ፣ አንዳንዴ ፕላስቲክ ክዳን ስር ተደብቃ ነው ምትገኘው። አጠገቧ የፕላስ እና የማይነስ ምልክት ካየህ እሷ ናት።

እና ሰው ሚሳሳተው ምን ላይ ነው፣ ያቺ ቡሎን ጋዝ ምትጨምር ይመስለዋል። ጋዙን አትነካውም። ምታደርገው የቱቦው አንዱ ጫፍ የተያዘበትን ቦታ ወደዚህ ወይ ወደዛ መግፋት ነው። በር ስትገፋ ማጠፊያው ጋ ብትገፋውና እጀታው ጋ ብትገፋው እንዴት እንደሚለያይ ታውቃለህ፣ ክንድህ ያው ክንድህ ነው፣ የያዝክበት ቦታ ነው የተለየው። እንደዛው ነው። ስለዚህ ቡሎኗ ጫፍ ላይ ደርሳ አልዞርም ካለች በቃ የአርሙ አቅም እዛ ጋ አልቋል ማለት ነው፣ አታስገድዳት።

ሲልቨርስፕሪንግ_አይቲ፦

ካቻቪቴ ያለው ልክ ነው። እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ መስሪያ ቤት ውስጥ ዴስክ ማዘጋጀት አንዱ ስራዬ ስለሆነ ይሄን ነገር ስንት ጊዜ እንደገጠምኩ አላውቅም፣ እና "አርሙ ተበላሽቷል" ተብዬ ከተጠራሁባቸው አብዛኞቹ ያቺ ቡሎን ጭራሽ ያልተነካች ነበረች። አንዳንዱ ሰው ስድስት ወር ሙሉ በሰመጠ ሞኒተር አንገቱን ቀብሮ ሰርቶ ነው ሚጠራህ።

መጀመሪያ ግን ሞኒተርህን መዝነው። 27 ኢንች ማለት ኪሎ አይደለም። አንዱ 27 ኢንች 4 ኪሎ ይሆናል፣ ሌላው 6 ያልፋል። ያለ እግሩ ነው ሚመዘነው ደሞ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ከነእግሩ ስለሆነ እሱን አትመነው። የሰው ሚዛን ካለህ ሞኒተሩን አቅፈህ ውጣ ከዛ ብቻህን ውጣ፣ ልዩነቱን ያዝ። 6.5 ላይ ሚያልቅ አርም ላይ 6.3 ኪሎ ሞኒተር ከሆነ አልመክርህም፣ ገመዱ ራሱ ትንሽ ይጨምራል፣ ትንሽ ትርፍ አቅም ያለው ነው ሚያስፈልግህ። ዝቅተኛውንም እይ፣ ሰው እሱን አያይም። ከ2 ኪሎ በታች የሆነች ቀጭን ፖርተብል ስክሪን እዚህ ላይ ብትሰቅል ወደታች ትመጣልኛለች ብለህ ስትጠብቅ ጣሪያ ጣሪያውን ነው ምታየው።

አሁን ማስተካከሉ። ሞኒተሩ ተሰቅሎ ነው ሚስተካከለው፣ ባዶ አርም ላይ ቡሎን ማዞር ትርፉ ድካም ነው። ክንዱን አጋድመው፣ ማለትም ከወለሉ ጋር እኩል አድርገው፣ ምክንያቱም ክብደቱ ከሁሉ በላይ ሚከብደው እዛ ቦታ ላይ ነው፣ ደሞ ብዙዎቹ ላይ ቁልፉ ሚገባበት ቀዳዳ ከቡሎኗ ጋር ትክክል ሚሆነውም ሲጋደም ነው። አንድ ሰው ሞኒተሩን ከስር ደገፍ አድርጎ ይያዝልህ፣ ሸክሙ ቀለል ሲል ቡሎኗም በቀላሉ ትዞራለች። ከዛ በትልቋ አለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ማዕዘኗ) ወደ ፕላስ አዙር። ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ እኔን አትጠይቀኝ፣ አርም ከአርም ይለያያል፣ ከቡሎኗ አጠገብ ያለውን ቀስት ተከተል። ሰው አንድ ሁለቴ አዙሮ ምንም አልመጣም ብሎ ይተዋል፣ አስር አስራ አምስት ዙር ልትሄድ ትችላለህ፣ ትዕግስት ነው። በየሶስት አራት ዙሩ ቆም በልና ሞክረው። ግቡ ምንድነው፣ ከፍ አድርገህ ስትለቀው እዛው፣ ዝቅ አድርገህ ስትለቀው እዛው። ቀስ ብሎ ከወረደ ጨምር፣ ቀስ ብሎ ከወጣ ቀንስ።

አንድ ነገር ግን በጣም ተጠንቀቅ፣ ይሄን ስል በራሴ ደርሶ ነው። ሞኒተሩን ማውረድ ስትፈልግ መጀመሪያ አርሙን እስከ ላይኛው ጫፍ ድረስ ከፍ አድርገው፣ ከዛ ነው ቪቴዎቹን ምትፈታው። ክንዱ ዝቅ ብሎ እያለ ሞኒተሩን ከፈታህ ያ ሁሉ ጉልበት ሚይዘው ነገር ያጣል፣ በአንዴ ተወርውሮ ነው ወደላይ ሚሄደው። እኔ አገጬ ላይ ነው ያረፈው፣ ሳምንት ሙሉ ምግብ በግራ ጎን ነው ያኘክኩት፣ ልጄ ፎቶ አንስታኝ ለዘመድ ሁሉ ልካዋለች።

ቪቴዎቹን ካነሳን ደሞ፣ የሞኒተሩ ጀርባ ላይ ያሉት አራት ቀዳዳዎች ቬሳ ይባላሉ፣ እርቀታቸው 75 በ75 ወይ 100 በ100 ሚሊ ነው፣ ቪቴው ኤም 4 ነው። ረጅም ቪቴ አገኘሁ ብለህ አታስገባ፣ ጫፉ ውስጡን ሊነካ ይችላል። አልገባ ካለህ አትግፋው፣ ሮንዴላ አድርግበት ወይ አጭር ፈልግ። ሞኒተሩ ጭራሽ ቀዳዳ ከሌለው አስማሚ ሚባል ብረት አለ ግን እሱም ክብደት አለው፣ ሂሳብ ውስጥ አስገባው።

እንጨት_ቤት_ሳሪስ፦

እናንተ ስለ ጋዝ ታወራላችሁ ልጁ ጠረጴዛዬ ሰመጠች እያለ ነው እኮ 😄 እኔ ቁምሳጥን፣ ጠረጴዛ፣ ኪችን ካቢኔት ነው ምሰራው፣ ስለ ቺፑድ ልንገርህ። ቺፑድ ፍርፋሪ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ ነው፣ ጠፍጣፋ እቃ አስቀምጥበት ዓመት ይኖራል፣ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ጨምቀህ ከያዝከው ውስጡ እየተሰባበረ ይሄዳል። አርሙ ደሞ እንዲሁ ወደታች ብቻ አይጫንም። ሞኒተሩ ወደፊት ተዘርግቶ ሲቆም የመያዣውን የፊት በኩል ወደታች ይጫናል፣ ጀርባውን ወደላይ ይነቀንቃል፣ ልክ ቡሽ እንደሚነቅሉበት መክፈቻ። ሞኒተሩን በጎተትክ በገፋህ ቁጥር ያ ቦታ እየተፈነቀለ ነው። ከላይ ላሚኔቱ ደህና መስሎህ ከስር ስታየው ተፈረካክሶ ታገኘዋለህ።

መፍትሄው ቀላል ነው። ወደ ብረት ሰራተኛ ሂድና 3 ሚሊ ላሜራ 15 በ20 ሳንቲም የሆነ ሁለት ቁራጭ አስቆርጥ፣ ጠርዙን ያስሞርድልህ እጅህን እንዳይቆርጥህ። አንዱን ከላይ አንዱን ከስር አድርገህ በመሃላቸው ጠረጴዛዋን ሳንዱች አድርጋት፣ ከዛ ሞርሳውን፣ ማለትም አርሙን ከጠረጴዛው ጋር ሚያስረውን መያዣ፣ እነሱ ላይ እሰረው። ከላሜራው ስር ቀጭን ጎማ ብታነጥፍ አይንሸራተትም፣ ላሚኔቱንም አይጭርም። ብረት አልፈልግም ካልክ ጥሩ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ከስር ብትለጥፍም ይሰራል፣ ግን ያኔ ሞርሳው ውፍረቱን ይችል እንደሆን ለካ፣ ውፍረት ላይ ገደብ አለው። ያንተ ጠረጴዛ 18 ሲደመር 18፣ 36 ሚሊ ይሆናል፣ ብዙዎቹ ይችሉታል ግን ሜትር አውጣ።

ቀድሞ የሰመጠው ቦታ ላይ መልሰህ አትሰር፣ ወደ ጎን 20 ሳንቲም ፈቀቅ በል። ጥግ ጥጉን አትያዝ። ከጠረጴዛው ጀርባ ከስር የተቸነከረች ማጠናከሪያ ጣውላ ካለችም ሞርሳው በደንብ አይቀመጥም፣ በግማሽ አፉ ነው ሚነክሰው፣ እሱ ደሞ የከፋ ነው። መስታወት ጠረጴዛ ላይ ልሰር ምትሉ ካላችሁ፣ አደራ ተዉት፣ ቤቴ መጥታችሁ ብትለምኑኝም አልሰራውም።

ኦ እና ግድግዳው። ጠረጴዛህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ከሆነ አርሙ ሲታጠፍ ክርኑ ወደኋላ ነው ሚወጣው። ሰው ይሄን ሳያስብ ይገዛና ሞኒተሩን ወደኋላ ልግፋ ሲል ክርኑ ግድግዳ ይመታል፣ ቀለም ይልጣል። ወይ ጠረጴዛውን አንድ ስንዝር ያህል አርቀው፣ ወይ አርሙን ወደ ጎን ታጥፎ እንዲቆም ዳር ላይ እሰረው።

ዱባይ_ላይ_ናት፦

እኔም ልጨምር፣ ምክንያቱም ያንተን ችግር ከፈታህ በኋላ ሚመጣው ችግር እኔ ያለሁበት ነው። 34 ኢንች ከርቭድ ሞኒተር አለኝ፣ ክብደቱ ከአርሙ አቅም ውስጥ ነው፣ ከፍታው አይወርድም ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግን ፊቱ ይደፋል። ጠረጴዛውን ነው ሚያየው እንጂ እኔን አያየኝም። ለሶስት ቀን ያቺን የፕላስ ማይነስ ቡሎን ሳዞር ከረምኩ፣ ከዛ አንዷ የስራ ጓደኛዬ ናት የነገረችኝ፣ ፊቱ ሲደፋ ሌላ ቡሎን ነው፣ ከሞኒተሩ ጀርባ አንገቱ ላይ ያለችው። ከርቭድ ስክሪን ጠርዞቹ ወደፊት ስለሚመጡ ክብደቱ ከግድግዳው ወደ ሰው ያጋድላል፣ ስለዚህ ኪሎው ትንሽ ቢሆን እንኳን አንገቱን ይጎትተዋል። ሳጠብቃት ቆመ፣ ግን ከሁለት ወር በኋላ መልሶ መደፋት ጀመረ፣ ያው በየጊዜው አጠብቃታለሁ።

እና እህቶቼ ወንድሞቼ፣ ለከርቭድ ስትገዙ ኪሎውን ብቻ ሳይሆን አርሙ ለምን ያህል ኢንች እንደተሰራም እዩ፣ ሁለቱንም ነው ማሟላት ያለበት። ሻጮቹ ኪሎውን ይነግሩና አንገቱን አይነግሩም።

ሌላ፣ ገመዶቹን ስታስሩ ላላ አድርጉ። እኔ ንጹህ እንዲመስል ብዬ አጥብቄ ካሰርኳቸው በኋላ ሞኒተሩን ከፍ ሳደርገው ኤችዲኤምአዩ ሶኬቱን ይዞ ሊነቀል ነበር። መጀመሪያ አርሙን እስከ መጨረሻው ዘርጉት፣ እዛ ሆኖ ነው ገመድ ሚታሰረው።

ጀሞ_4ኛ_ፎቅ፦

ኧረ እናንተ ሰዎች ኑሩልኝ! እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ ስቃችሁ ትሞታላችሁ።

መዝነው ስትሉኝ ሚዛን የለኝም፣ ታች ያለው ባለሱቅ ግን ሽንኩርት ሚመዝንበት ዲጂታል ሚዛን አለው። ሞኒተሩን በጋቢ ጠቅልዬ አራት ፎቅ ወረድኩ። ባለሱቁ አየኝ፣ ጋቢውን አየ፣ "ልጅ ነው እንዴ?" አለኝ። ቲቪ ነው ልመዝነው ነው አልኩት። "በኪሎ ልትሸጠው ነው?" ብሎ ሽንኩርቱን ከሚዛኑ ላይ አነሳልኝ። 5 ኪሎ ከ400፣ ጋቢውን ለብቻው መዝነን 1 ኪሎ ከ100 ቀንሰን፣ 4.3 ኪሎ። ተራ የቆሙት እናቶች ሁሉ ነገሩን ለመረዳት ሲጠያየቁ ነበር፣ አንዷ እንደውም "የኔ ልጅ፣ ስክሪን ለዓይን ጥሩ አይደለም" ብለው መክረውኛል። እና አቅሙ ውስጥ ነው ማለት ነው፣ በደንብ!

ቡሎኗን ፈለግኩ። ካቻቪቴ እንዳለው ክርኑ ጋ ፕላስቲክ ክዳን ነበረች፣ በጥፍሬ ሳነሳት ስር ፕላስ ማይነስ ተጽፎ አየሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳጠብቅ የከረምኩት ለካ የአንገቱንና የመዞሪያውን ነበር። እህቴን ጠርቼ ሞኒተሩን አስያዝኳት፣ እኔ አዞርኩ። አምስት ዙር፣ ምንም። ስምንት፣ ትንሽ ቀነሰ። አስራ አንደኛው ላይ ለቀቅኩት፣ ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ! ከዛ እኔ ደሞ ስግብግብ ነኝ፣ ትንሽ ልጨምርበት ብዬ ሶስት ጨመርኩ፣ አሁን እህቴ ስትለቀው ቀስ ብሎ ወደላይ ሄደ። መልሼ ሁለት ዙር ቀነስኩ። አሁን በአንድ ጣት ነው ልክ እንደ ቪዲዮው።

ላሜራውን ደሞ ሰፈር ያለው ብየዳ ቤት ቆረጠልኝ፣ ለምን እንደሆነ ስነግረው ሳንቲም አልተቀበለኝም። የድሮው ቦታ ሲፈታ ከስሩ ዱቄት ነው የወረደው፣ ሳሪስ ልክ ነበርክ፣ ሁለት ሳምንት ብቆይ ሞኒተሩን ከነጠረጴዛው ነበር ምለቅመው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ስነሳ ሁለት ሶስት ሳንቲም ወርዶ አገኘዋለሁ፣ ከሰዓት ላይ ስሞክረው ደሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያመኛል ወይስ እውነት ነው?

ካቻቪቴ፦

አላመመህም። ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል፣ 10 ዲግሪ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ 3 ከመቶ ገደማ ነው ሚወርደው። የአዲስ አበባ ሌሊት ከቀኑ ያን ያህል ይለያያል፣ በተለይ ጥቅምት ህዳር ላይ ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ሲበረታ፣ አንተ ደሞ ልክ ሚዛኑ ላይ ስላቆምከው ትንሿ ነገር ታስታውቃለች። የቪትዙ በርም ጠዋት ላይ ነው ሚሰንፈው፣ ጋራዥ ብትጠይቅ ይነግሩሃል። ከቀነስካቸው ሁለት ዙሮች ግማሽ ዙር ብቻ መልስ፣ ጠዋት ላይ ሆነህ አስተካክለው እንጂ ማታ ላይ አይደለም። የመገጣጠሚያውንም ቡሎን በጣም ካላላኸው ትንሽ ሰበቃ ይኑረው፣ ያ ሰበቃ ነው ትንሿን ልዩነት ሚይዝልህ።

ደሞ አሁን ከፍታው እጅህ ላይ ነውና ልክ አድርገው። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንህ እኩል ወይ ትንሽ ዝቅ ይበል፣ እጅህን ስትዘረጋ ጣትህ ስክሪኑን ሊነካ ሚጠጋበት እርቀት ላይ ይሁን። ሰው አርም ሲገዛ ደስ ብሎት በጣም ከፍ ያደርገዋል፣ ከዛ አንገቱን ቀና አድርጎ ኮከብ እንደሚቆጥር ሰው ይሰራል፣ ያ ከማቀርቀሩ አይሻልም። ሁለት እይታ ያለው መነጽር ምታደርጉ ደሞ ከዛም ዝቅ አድርጉት፣ በታችኛው መስታወት ነው ምታነቡት።

አዲስ_ገቢ_22፦

ይቅርታ ርዕሱን ልጠምዝዘው፣ እኔ ገና ልገዛ ነው። ጋዝ ስፕሪንግ ልግዛ ወይስ ሌላ ዓይነት አለ? ብሩ ስለሚለያይ ነው።

ሲልቨርስፕሪንግ_አይቲ፦

በቀን ስንት ጊዜ ታንቀሳቅሰዋለህ? እሱን መልስልኝ። አንዴ አቁመህ ማትነካው ከሆነ ዘንግ ላይ ሚጣበቀውን ግዛ፣ ቀጥ ያለ ቋሚ ብረት ሆኖ ሞኒተሩ በፈለግከው ከፍታ ላይ ታስሮ ሚቀመጠው፣ ጋዝ የለው ሞላ የለው ሚያልቅበት ነገር የለውም፣ ርካሽ ነው። ቆመህም ተቀምጠህም ምትሰራ ከሆነ፣ ወይ አንዱን ጠረጴዛ ሁለት ሰው ምትጋሩት ከሆነ፣ ያኔ ጋዝ ስፕሪንግ ብሩን ያወጣል። በጋዝ ፈንታ የብረት ሞላ ያላቸውም አሉ፣ ለምሳሌ ኤርጎትሮን ኤልኤክስ ሚባለው፣ ከ3.2 እስከ 11.3 ኪሎ ይይዛል፣ ሞላ ስለሆነ ሚያመልጥ ጋዝ የለውም፣ ግን ዋጋው ሌላ ነው፣ ከዚህ ለሰው ላስልክ ብትልም ብረት ስለሆነ ከአውሮፕላኑ 23 ኪሎ ሻንጣ ደህና አድርጎ ይቆርሳል። ያገለገለ ልግዛ ካልክ ሻጩ ቤት ሄደህ ሞኒተር ተሰቅሎበት ካላየኸው አትግዛ፣ ባዶውን አርም ከሆነ ሚያሳይህ ደሞ በእጅህ ወደታች ተጫነው፣ በጉልበት ከመለሰልህ ጋዙ አለ።

አዲስ_ገቢ_22፦

አመሰግናለሁ፣ እኔማ በቀን አንዴም አልነካው፣ ዘንጉን እገዛለሁ።

ሰነፉ_ዲዛይነር፦

ወይ ደሞ መጻሕፍቶቼን ልሸጥልህ፣ ኬሚስትሪውን በነጻ እጨምርልሃለሁ።

እንጨት_ቤት_ሳሪስ፦

ጀሞ፣ የላሜራውን ፎቶ ላክ እስኪ፣ ጠርዙን በደንብ ሞርዶልሃል? ባለፈው አንዱ ሳይሞርድ ሰጥቶ ደንበኛዬ ጉልበቱን ቆርጦ ነው የመጣው።

ጀሞ_4ኛ_ፎቅ፦

ሞርዶታል፣ ግን ከስር ያለችው አንዷ ጥጓ ትንሽ ትወጋለች። ፕላስተር ለጥፌባታለሁ፣ ቅዳሜ ወስጄ አስሞርደዋለሁ። ግማሽ ዙሯንም ዛሬ ጠዋት መለስኳት፣ ነገ ተነስቼ እነግራችኋለሁ።